የአስማረ ሁለተኛ ካሴት

ዘፋኝ የመጀመሪያ ካሴቱን ሲያወጣ ዕድሜ ልኩን ሲያጠራቅም የኖረውን ነው የሚዘረግፈው። ከልጅነቱ ጀምሮ ያንጎራጎረውን፣ የመጀመሪያ ፍቅሩን፣ የሰፈሩን ወንዝ ሳይቀር ይከትትና «እንካችሁ» ይለናል። እኛም እናጨበጭባለን። ጉዱ የሚመጣው በሁለተኛው ነው። ጎተራው ተጠርጓል፤ ሕዝቡ ደግሞ ቁናውን ይዞ በር ላይ ቆሟል። ስለዚህ ብዙዎቹ የመጀመሪያውን አሽሞንሙነው ይደግሙልናል። አንዳንዶች ግን፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ባዶው ጎተራ ውስጥ ገብተው የሚሰማቸውን ድምፅ ይዘው ይወጣሉ። እንዲህ ያለውን ካሴት ወይ ትወዱታላችሁ ወይ «ዝጋልን» ትላላችሁ። መሀል ሰፋሪ የለውም።

ይህን የተማርሁት ከሙዚቃ አዋቂ አይደለም። ንፋስ መውጫ እንግሊዝኛ ሳስተምር ጎረቤቴ ከነበረው ከሚኒባስ ሹፌሩ ከአስማረ ነው።

አስማረ ከንፋስ መውጫ ደብረ ታቦር የሚመላለስ፣ ከሰው ጋር ብዙ የማይነጋገር፣ ጥሩምባ እንኳ የሚቆጥብ ሰው ነበር። ውጭ አገር የሚኖር ወንድሙ የአንድ ባንድ ሁለት ካሴቶች ላከለት። የባንዱ አባላት ጊታርን ከኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ጋር ያጋቡ የፈረንጅ ልጆች ናቸው። የመጀመሪያው ካሴት ለሁሉም ተስማማ። ከበሮው ሲመታ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ሳይቀር ትከሻውን ሰበቅ ያደርግ ነበር፤ መንገዱ ነው ያወዛወዘኝ እያለ።

ሁለተኛው ሌላ ነው። ነፋስ የስልክ ሽቦ ሲመታ በሚሰማ ድምፅ ይጀምራል። ጊታሩ እንደ ኩሩ እንግዳ ዘግይቶ ይመጣል። ዘፋኙ ደግሞ ድምፁን በምን መሣሪያ እንዳሳለፉት እንጃ፣ ጋን ውስጥ ተቀምጦ የሚዘፍን ይመስላል። ተሳፋሪው አጉረመረመ። ቴፑ ተበላሽቷል ያለው ብዙ ነው፤ አንዲት እናት እንዲያውም ጠበል ይረጭበት ብለው መከሩት። አስማረ ግን ካሴቱን አላወጣም። ከሥራ ሲገባም መኪናውን ግቢ አቁሞ፣ አንዱ ገጽ ሳያልቅ ከመሪው አይነሳም ነበር።

አንድ ቀን ሚስቱ ተዋበች ልብሷን ሸክፋ ወገዳ፣ አባቷ ቤት ሄደች። ከተማው ፍርዱን ለመስጠት አልዘገየም። ካሴቱ አባረራት።

ሽማግሌ ተመረጠ። አንዱ የዜማ መምህሩ መሪጌታ ክንፉ ናቸው። ሁለተኛው እኔ ነበርሁ፤ ገና ለሽምግልና ያልደረስሁ ብሆንም፣ ካሴቱ ከተከሰሰ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል ተብሎ።

በራሱ በአስማረ መኪና ተነሣን። ለመሪጌታ ክብር ሲል ቴፑን ዘግቶታል። ታች ጋይንትን አልፈን መንገዱ ሲከፋ መሪጌታ ከፊት ወንበር ቀና አሉ።

«ልጄ፣ እስቲ ያን ነገር አሰማን። ዳኛ ተከሳሹን ሳያይ አይፈርድም።»

አስማረ እያፈረ ከፈተው። መሪጌታ ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ዘፋኙ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ስለ በርና ስለ ዝናብ አንድ ሁለት ቃል እንደያዝሁ፣ የቀረውን መሣሪያው እንዳኘከው ነገርኋቸው። «ተወው» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ግን በጉልበታቸው መሀል ያቆሙትን መቋሚያ ከኋላ ሆኜ እከታተል ነበር። መጀመሪያ ዝም ብሎ ቆመ። ኋላ ጊታሩ ሲገባ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። በመንገዱ ጉድጓድ ይሁን በሌላ፣ እኔ አልፈርድም።

ወገዳ ስንደርስ የተዋበች አባት አቶ ሙላት ግቢያቸው ካለው ዛፍ ሥር ተቀብለው አስቀመጡን። ሴት ልጅ በዱላ ስትባረር፣ በመጠጥ ስትባረር ሰምተዋል፤ በዘፈን የተባረረች ግን ገጥሟቸው እንደማያውቅ ነገሩን። ከዚያ ተዋበች ተጠራች። መሪጌታ በደሏን እንድትናገር ጋበዟት።

«ዘፈኑን ጠልቼ አይደለም የወጣሁት፣ የኔታ» አለች መሬት መሬት እያየች። «እንዲያውም ገርሞኝ ነበር። ደክሞት የመጣ ሰው ቤቱ ሳይገባ መኪና ውስጥ የሚያስቀምጠው ምን ቢሰማ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ላንቺ አይገባሽም አለኝ። ሌላም ቀን ጠየቅሁት፤ ያንኑ መለሰልኝ። እንግዲህ አይገባሽም ለሚለኝ ሰው ምን አደርግለታለሁ?»

መሪጌታ ወደ አስማረ ዞሩ። «አንተስ ምን ገባህ?»

አስማረ ኮፍያውን ማሸት ጀመረ። አስተማሪ ነኝና ይህን አመል አውቀዋለሁ፤ ሳያጠና የመጣ ተማሪ አመል ነው።

«ምንም» አለ በመጨረሻ። «ቋንቋውን አላውቅ። ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪው፣ ረዳቱ፣ ትራፊኩ፣ ሁሉም የሚያናግረኝ መልስ ፈልጎ ነው። እሱ ግን የልቡን ይናገራል እንጂ ከኔ ምንም አይፈልግም። ያሳርፈኛል። ምንም ሳይገባኝ ወደድሁት ብላት ትስቅብኛለች ብዬ ነው።»

ተዋበች አልሳቀችም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«ይችን ለመናገር ይህን ሁሉ ሰው ከንፋስ መውጫ ማድከም ነበረብህ?»

ብላ ተነሣችና ወደ መኪናው ሄደች። ሁላችንም ተከተልናት። የመኪናው በሮች ተከፈቱ፤ አስማረ ካሴቱን ከመጀመሪያው አስጀመረው፤ አቶ ሙላት ዱካቸውን አምጥተው ከፊት ጎማው አጠገብ ተቀመጡ፤ ከገበያ የሚመለስ ሰው ልቅሶ መስሎት ነጠላውን እያስተካከለ ቆመ። ተዋበች እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አዳመጠች። አስማረ ቴፑን ሳይሆን እሷን ነበር የሚያየው። ፈተናውን እፊቱ እንደሚያርሙበት ልጅ ላብ አጠመቀው። እኔም ከፊቷ ላይ አንድ ነገር ለማንበብ ያላደረግሁት ጥረት የለም፤ አልተነበበልኝም። በመጨረሻው ዘፈን ከበሮው ቆመ፣ ጊታሩ ራቀ፣ የነፋሱ ድምፅ ብቻውን ቀርቶ እሱም ጠፋ። ካሴቱ ቀጭ ብሎ ቆመ።

«የመጀመሪያው ይሻላል» አለች።

በቃ፣ ሽምግልናችን ገደል ገባ ብዬ መሪጌታን አየሁ። ግን ተሳስቼ ኖሯል። የአስማረ ፊት ፈካ። ያ ጥሩምባ የሚቆጥብ ሰው አፉ ተፈታ። የመጀመሪያውማ ለጭፈራ ነው፤ ይሄኛው ግን ከበሮው ድንገት ሲያቆምና ሰውየው ብቻውን ሲቀር፣ እዚያ ላይ አልሰማሽም ወይ አላት። እሷም እዚያ ላይስ ደግ ነበር፣ ግን አስረዘመው አለችው። አላስረዘመውም አለ። አስረዝሞታል አለች። ካሴቱን ወደ ኋላ አጠንጥነው እንደገና ከፈቱት። ከመኪናው ውጭ የቆምን ሽማግሌዎች መኖራችንም ተረሳ። ስንት ምሳሌ አሰናድቼ የሄድሁት ሰውዬ አንዱንም ሳልተነፍስ ቀረሁ።

«መምህር» አሉኝ አቶ ሙላት ግራ ገብቷቸው፣ «ይኼ ጠብ ነው ዕርቅ?»

ብዙ ባልና ሚስት አይቻለሁ፤ ልዩነቱ ሁልጊዜ ከውጭ አይታይም።

አድረን በማግስቱ ስንመለስ ተዋበች ፊት ወንበር ተቀመጠች። ክርክሩ አልበረደም፤ እንዲያውም ዳገቱ ላይ ባሰበት። መሪጌታ አሁን ከእኔ ጋር ኋላ ናቸው። ብዙ መንገድ ከተጓዝን በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። ጩኸቱ አስመርሯቸው ዝም በሉ በልልኝ ሊሉኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

«መምህር» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ሦስተኛ አውጥተው ይሆን?»