ክቡር አቶ ሊዘጋ ነው

በየሰፈሩ አንድ ሰው አለ። ሌላው ሁሉ የተወለደው ለመኖር ሲሆን፣ እሱ የተወለደው ጊዜው ማለቁን ለመናገር ነው። እናንተም ሰፈር አለ። የለም የሚል ካለ ሰፈሩን በደንብ አላየም ማለት ነው። ይቅርታ፣ እንዲህ ደፍሬ መናገር ልማዴ አይደለም። መጻፍም ልማዴ አይደለም፤ እኔ ጎሚስታ ነኝ፣ ጎማ ነው የምጠግነው። ግን ከእኚህ ሰው ጋር እኔ ላይ የደረሰው ሌላ ሰው ላይ ስላልደረሰ፣ ጻፍኩት።

የኛን ሰፈር ሰው «ክቡር አቶ ሊዘጋ ነው» እንላቸዋለን። ፊት ለፊት ግን ጋሼ ነው የምንላቸው። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያስታውሰው የጡረታ መዝገቡ ብቻ ነው መሰለኝ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ በፀሐይም በዝናብም ጃንጥላ የማይለያቸው ሰው ናቸው። ብብታቸው ሥር ባለ መስመር ደብተር አለ፤ ከደብተሩ ላይ በክር የታሰረ እርሳስ ይንጠለጠላል። ሠላሳ ዓመት አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተላላኪ ነበሩ። ሥራቸው ደብዳቤ ማድረስ፣ ማስታወቂያ መለጠፍ፣ ጊዜው ሲያልፍ ደግሞ መንቀል ነበር። ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ ጃንጥላ ሸለማቸው፤ የሰሌዳ ፍቅሩን ግን ራሳቸው ይዘውት ወጡ። የተለጠፈ ነገር ሳያነቡ አያልፉም። የጠፋ ቁልፍ፣ የሚሸጥ አልጋ፣ የሚከራይ ክፍል፣ ሁሉንም ቆመው ያነባሉ፣ ደብተራቸው ላይም ይገለብጣሉ። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ጀርባ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አንብበው ለመጨረስ ሦስት ፌርማታ በእግራቸው ተከትለውታል ይባላል። እኔ አላየሁም። ግን አምናለሁ።

ባለቤታቸው እንዲህ ይላሉ፤ «እኔንም ያገቡኝ እንዲሁ ነው። ‹መዝገቡ ሊዘጋ ነው› ብለው አጣድፈውኝ። አርባ ዓመት ሞላን፤ መዝገቡ እስከ ዛሬ ክፍት ነው።»

ጋሼ የሚያብቡት ግን ልጆች አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲጨርሱ ነው። ልጆቹን ታውቋቸዋላችሁ። ፈተናው ያልቃል፣ ዩኒፎርሙ ይታጠፋል፣ ከዚያ ደረጃ ላይ ተደርድረው ስልካቸውን ያያሉ። ክቡርነታቸው መጥተው ከፊታቸው ይቆማሉ። ደብተሩ ይገለጣል።

«አንተ፣ ምን አሰብክ?»

«ገና እያሰብኩ ነው ጋሼ።»

«አስብ! ማሰብ ጥሩ ነው። ግን ሊዘጋ ነው።»

«ምኑ?»

«ሁሉም!»

የልብስ ሰፊዋን ልጅ ያገኙት ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ነው። «የኤሌክትሪክ ሙያ ምዝገባ ሊዘጋ ነው!» ሲሉት ከነፎጣው ተነስቶ ሮጠ። ግማሽ ጭንቅላቱ ተቆርጧል፣ ግማሹ ጫካ ነው። ለቅጹ የሚሆነውን ፎቶም እንደዚያው ሆኖ ተነሳ። ዛሬ ልጁ የተመሰገነ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ መታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ ግን አሁንም ከሁለት ሰው የተሠራ ይመስላል።

የዳቦ ጋጋሪውን መንታ ሴት ልጆች ደግሞ ገና በሩ ሳይከፈት ነው ወደ ማሠልጠኛው የሰደዷቸው። ዘበኛው ዓይኑን እያሸ ወጣ።

«ማን ላካችሁ?»

ነገሩት።

«እሳቸው ናቸው? በሉ ግቡ። እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ የሳቸው ልጆች ሁሌም እዚያ ነው የሚቀመጡት።»

የኛ ሰፈር ልጆች የትም ሄደው ሲመዘገቡ ቁጥራቸው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ነው። እኛ ይህን ከልጆቻችን ጉብዝና ነበር የምንቆጥረው።

አይሳሳቱም አልልም። አንዱን ልጅ ለነርስነት ሥልጠና ብለው ልከውት፣ የደም ልገሳ ሰልፍ ውስጥ ገብቶ፣ ደም ሰጥቶ መጣ። «ምን ቸገረው፣ ሥራውን ከወዲሁ ለመደው» አሉ።

ሰው ይቀልድባቸዋል። ዲግሪ ያለው የሒሳብ ሠራተኛ ጎረቤታችን «ጋሼ፣ በርስዎ አባባል ቢሆንማ ዓለም ራሷ ባለፈው ማክሰኞ ተዘግታ ነበር» ይላቸዋል። «ሳቅ» ይሉታል፣ «ለመሆኑ ያንተ ልጅ ስንተኛ ክፍል ደረሰ?» ያን ጊዜ ሳቁ ያጥራል። ይህን ሁሉ የተማረ ሰው ይዞ፣ ከሰፈራችን ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ሰሌዳ ድረስ ሄዶ የሚያነብ አንድም ሰው የለም። ለምን ያነባል? ጋሼ ነግረውታላ።

ዘንድሮ ተራው የኔ ቤት ሆነ።

ልጄ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች። ውጤቷ ለዩኒቨርሲቲ ትንሽ ጎደለ። ትንሽ ሲጎድል ብዙ ከጎደለው ይልቅ ያማል መሰለኝ። አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሁለት ሳምንት ሰነበተች። እናቷ «በሚቀጥለው ዓመት ድጋሚ ትፈተን» ትላለች። እኔ ዝም። ከጎማ ቀጥሎ ሙያዬ ዝምታ ነው።

ጋሼ መጡ። አልተቀመጡም፤ ለመቀመጥ ጊዜ የላቸውም።

«የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ማሠልጠኛ፣ ሁለት ዓመት። በሷ ውጤት ይቀበላሉ። ለከርሞ መቀበላቸው አይታወቅም፣ ማስታወቂያው ራሱ ‹ለዘንድሮ› ነው የሚለው። ረቡዕ ሊዘጋ ነው!»

እኔ ደስ አለኝ። ልጄን ስለማውቃት ነው። ትንሽ ሆና ሥራ ቦታዬ ትመጣ ነበር። የተበሳውን ላስቲክ ነፍቼ ውሃ ውስጥ ስነክረው አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ከኔ ቀድማ የምታየው እሷ ናት። እኔ በእጄ ስዳብስ፣ እሷ ጎንበስ ብላ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ «አባዬ፣ እዚህ ጋ» ትላለች። እንዲህ ያለ ዓይን የሚፈልጉበት ቦታ ካለማ እዚያ ትሂድ ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ እንጂ አልተናገርኩም።

«እስቲ ላስብበት» አለች ልጄ። ሰኞ አሰበች። ማክሰኞ አሰበች። ረቡዕ ከእናቷ ጋር ስትጨቃጨቅ ዋለች። ሐሙስ ጠዋት ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን አስራ ወጣች።

«ልመዝገብ ብዬ ወስኜ ነበር» አለች። «አለፈኝ።»

አላለቀሰችም። «ምንም አይደለም» ብላ ተመልሳ ገባች። ፊቷ እንደገና ወደ ግድግዳው ዞረ።

የያዝኩትን ጎማ ጣል አድርጌ ወጣሁ። መሥሪያ ቤት ሄዶ መለመን እኔ አልችልም፤ መስኮት ፊት ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል። ስለዚህ ማንንም ወደማላናግርበት፣ ወደ ሰሌዳው ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እንጃ። ያመለጣትን ነገር በዓይኔ ልየው ብዬ ይሆናል።

ማንበብ የተማርኩት በልጄ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ነው፤ እሷ ስታጠና ከኋላዋ ተቀምጬ። አነባለሁ፣ ግን በጣቴ ነው። ጣቴ ካልነካው ፊደሉ አይቆምልኝም። ሰሌዳው መስታወት አለው። ያንን መስታወት በጎማ ጥላሸት እየቀባሁ ከላይ ጀመርኩ። የማሠልጠኛው ስም። የሚፈለገው ውጤት። ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ። ከኋላዬ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ላቤ መጣ፣ ግን ቦታዬን አልለቀቅኩም። ታች ስደርስ፣ «ምዝገባው የሚያበቃው አርብ አሥራ አንድ ሰዓት ነው» ይላል።

ተሳሳትኩ ብዬ እንደገና ከላይ ጀመርኩ። አርብ። ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩ። አርብ።

«ወንድሜ፣ ደህና ነህ?» አለኝ ከኋላዬ ያለው ሰው።

«እስቲ ይህ ምን ይላል?» ልለው አፌን ከፈትኩና አፈርኩ። ይህን ያህል ቆሜ ካነበብኩ በኋላ ምን ይላል ይባላል?

ቤት ስገባ ባለቤቴ በር ላይ ነበረች።

«አርብ ነው» አልኳት።

«ምኑ?»

«የሚዘጋው። ነገ ነው ማለት ነው። አንብቤዋለሁ።»

«ጋሼ ረቡዕ ነው ያሉት እኮ።»

«እኔ አርብ ነው ያነበብኩት።»

በአንድ በኩል ሠላሳ ዓመት ማስታወቂያ የለጠፉ ሰው አሉ። በሌላ በኩል ባለፈው ወር «የሚከራይ ቤት» የሚለውን «የሚፈርስ ቤት» ብዬ አንብቤ ተከራዮቹን ያሸበርኩ እኔ አለሁ። ልጄ ከአልጋዋ ቀና ብላ ጣቴን አየችው። እጄ ሁሉ ጥቁር ነው፤ የዚያች ጣት ጫፍ ግን መስታወቱ ላይ ተጠርጋ ነጥታለች።

«ስንት ጊዜ አነበብከው አባዬ?»

«ሦስት።»

ጫማዋን አደረገች።

ተመዘገበች። ቁጥሯ አርባ አንድ ነው።

በማግስቱ ጋሼ በሥራ ቦታዬ ሲያልፉ ጠራኋቸው። ሰው ጠርቼ ስለማላውቅ ነው መሰለኝ፣ ደንግጠው ቆሙ።

«ጋሼ፣ ሰሌዳው አርብ ነው የሚለው።»

ግራ ቀኝ አዩ። ጃንጥላቸውን አጠፉ፣ መልሰው ዘረጉ።

«ማን አነበበልህ?»

«ራሴ ነኝ።»

«እስከ ታች?»

«እስከ ማኅተሙ።»

አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ። «እስከ ዛሬ ማንም ሄዶ አላነበበም» አሉ። «ያ የሒሳብ ሠራተኛ እንኳ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሁለት ቀን እቀንሳለሁ። ሁልጊዜ። ለሁሉም።»

«ለምን ጋሼ?»

«የምነቅለው እኔ ነበርኩ አይደል? አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ወረቀቱን ነቅዬ ዞር ስል ሁሌም አንድ ልጅ ቆሟል። ሰነዱን ደረቱ ላይ ይዞ፣ እያለከለከ። አይቆጣም እኮ! ቢሰድበኝ በወደድኩ። ‹እሺ› ብሎ ነው የሚመለሰው። ሠላሳ ዓመት ‹እሺ› ሲሉኝ ኖርኩ።»

ያኔ እኔ እንዴት እንደተናገርኩ እስካሁን አላውቅም። «የኔም ልጅ ‹ምንም አይደለም› ብላ ተመልሳ ነበር» አልኳቸው። «ሳይዘጋባት። በርስዎ ሁለት ቀን።»

ደብተሩን ገለጡ። የልጆች ስም ነው፣ በየዓመቱ። የተመዘገቡት አጠገብ ምልክት አለ። እዚህም እዚያም ምልክት የሌለው ስም አለ፤ እርሳሳቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ሄደ።

«እነዚህን ሰነፎች ናቸው ብዬ ነበር» አሉ።

ቆይተው «ተመዘገበች?» ብለው ጠየቁኝ።

«ተመዝግባለች። አርባ አንደኛ ናት።»

«አርባ አንድ!» ፊታቸው ተጨማደደ። «ከኛ ሰፈር? ምን ዓይነት ቁጥር ነው!» ምልክቷን ግን አደረጉላት፤ ከሌሎቹ ሁሉ ወፈር አድርገው።

ከዚያ ተነሱ። «ቀኑን አልመልስም» አሉ። «ብመልሰው ሁሉም የሚሮጠው በመጨረሻዋ ሰዓት ነው። አንተ ግን ታነባለህ። የኔ ቀን ሲያልፍ የቀሩትን እየዞርክ ትነግራቸዋለህ።»

«ምን ብዬ?»

«ተራዘመ በላቸው።»

«ጋሼ፣ እኔ የሰው በር ማንኳኳት አልችልም።»

«ትችላለህ። አሁን ፍጠን፣ የአናጢዎቹ ምዝገባ ሊዘጋ ነው። በእውነተኛው ቀን ነው የምልህ።»

ይህን ልጽፍ ነው ብዬ ፈቃዳቸውን ጠይቄአለሁ። «ምስጢሩ ይወጣብዎታል» አልኳቸው። «ጻፈው» አሉኝ፣ «ማን ያነበዋል? ከሰው ነው የሚሰሙት።»

አሁን ለኔም ስም ወጥቶልኛል። ባለ ሱቋ ከሩቅ ስታየኝ «አቶ ተራዘመ! እባክህ የኔንም ዕድሜ አራዝምልኝ!» ትላለች። አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። ቁጥራቸው ትልቅ ትልቅ የሆነ ሦስት ልጆች ግን ገብተዋል፤ አርባ ስድስት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አንዱማ መቶ ሁለት።

ባለፈው ሳምንት የግንበኛው ልጅ ቤት ሄድኩ። ውጤት ከመጣ ወዲህ ከቤት አልወጣም። እጄን ለማንኳኳት ሦስት ጊዜ አንስቼ ሦስት ጊዜ መለስኩት። በአራተኛው በሩ ራሱ ተከፈተ።

«ጋሽዬ፣ ምን ፈለጉ?»

«የቧንቧ ሥራ ሥልጠናው... ተራዘመ።»

«ጋሼ ከትናንት ወዲያ ተዘጋ አላሉም እንዴ?»

«ተራዘመ። እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት። ራሴ አንብቤዋለሁ።»

አየኝ። ዘሎ ወደ ውስጥ ገባ፤ መሳቢያ ሲከፈት፣ ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ። ሰነዱን ደረቱ ላይ ይዞ፣ የሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎ፣ ሳይሰናበተኝ ወደ ታች ሮጠ። ቆሜ አየሁት። ስዞር ከመንገዱ ማዶ አንድ ጃንጥላ ተዘርግቷል። ጋሼ ናቸው። ለኛ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ደብተራቸውን ገልጠው፣ አንገታቸውን አስግገው አንድ ግድግዳ በከፍተኛ ጥሞና ያነባሉ።

ግድግዳው ከአንድ ቀን በፊት ነጭ ቀለም የተቀባ ነው። ምንም አልተለጠፈበትም።