ማንም ያልሾማቸው ሥራ አስኪያጅ

ሐበሻ በሰፈረበት ከተማ ሁሉ፣ ቡድኑ ሳያውቀው ቡድኑን የሚመራ አንድ ሰው አይጠፋም። ደመወዝ የለው፣ ቢሮ የለው፤ ያለው ሶፋና ሪሞት ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ይህ ከባድ ኃላፊነት በክቡር አቶ ጥሩነህ ትከሻ ላይ ወድቆ ነበር። የኃላፊነቱን ጭቅጭቅ የምታዳምጠው ደግሞ ባለቤታቸው ስመኝ ነበረች።

አቶ ጥሩነህ ካናዳ እስኪገቡ ድረስ ከበረዶ ጋር የነበራቸው ትውውቅ በብርጭቆ ውስጥ ብቻ ነበር። አሁን ግን ፍሌሚንግደን ፓርክ ካለው አፓርታማቸው ሆነው፣ በረዶ ላይ በዱላ ጥቁር ጎማ የሚያባርሩ የሆኪ ተጫዋቾችን ጉልበት፣ ዕድሜና ውል ይመረምራሉ።

"ስሚ! ተከላካይ ጠፍቶ ደግሞ አጥቂ አመጡ!"

"ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!" ትላለች ስመኝ ሽንኩርት እየከተፈች። ተከላካይ ምን እንደሚሠራ አታውቅም፤ ዝም ካለች ግን ማብራሪያ እንደሚከተል ታውቃለች።

እውነቱን ለመናገር፣ የቡድኑ እውነተኛ አለቆች አቶ ጥሩነህን ሥራ አስፈትተዋቸው አያውቁም። ተስፋ ያለውን ወጣት ሰጥተው ጉልበቱ የተጠገነ አንጋፋ ያመጣሉ። ቡድኑ ሲሸነፍ አሠልጣኝ ያባርራሉ፤ አዲሱም ሲሸነፍ የቲኬት ዋጋ ይጨምራሉ። ሌሎቹ የዋንጫውን ፕሌይኦፍ ሲጀምሩ የእኛዎቹ ጎልፍ ይጀምራሉ። አቶ ጥሩነህ ግን በየመስከረሙ ማሊያቸውን ከቁም ሳጥን አውጥተው፣ "ዘንድሮ ይለያል" ይላሉ። ይለይ ነበር፤ ከአምናው ይብስ ነበር።

በዚህ ሁሉ መሃል አንድ የሚያኮራ ሰው ነበር፤ በረኛው። የፊንላንድ ስሙ ለምላሳቸው ስላልተመቸ አቶ ጥሩነህና ባልንጀራቸው ዓለማየሁ "ዘበኛው" ይሉታል። ተከላካዮቹ ጎማዋን በትሕትና እያሳለፉ፣ እሱ በደረቱ፣ በእግሩ፣ አንዳንዴም በፊቱ ይመልሳታል። ዓለማየሁ ከካርቱም የስደት ዘመን ጀምሮ የአቶ ጥሩነህ ጓደኛ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ የስብከቱን ግማሽ ስለሚሸከምላት ስመኝ በጣም ትወደዋለች።

አንድ ዊንተር አለቆቹ ዘበኛውን ትሬድ አድርገው በምትኩ ወጣቶች ሊያመጡ አሰቡ። ችግሩ፣ ያለ ፈቃዱ ለሌላ ቡድን እንደማይሰጥ ውሉ ላይ ሰፍሯል። ጠየቁት። "ቤቴ እዚህ ነው፤ አልሄድም" አላቸው።

አቶ ጥሩነህ ከሶፋው ዘለው ተነሡ። "ሰማችሁ? ሰው ማለት ይሄ ነው!"

"ሰው ሳይሆን እንቅፋት ነው" አለ ዓለማየሁ ሻዩን እያማሰለ። "ቡድኑን ቢወድ ኖሮ ይሄድለት ነበር። ወጣቶች ይመጡልን ነበር። በእሱ ግትርነት ገና ስንሸነፍ ልንኖር ነው።"

"ዕድሜውን የቆመበትን በር ጥሎ ይሂድ?"

"በሩ እኮ ወንፊት ነው፣ ጥሩነህ!"

"ወንፊትስ አንተ ነህ! ታማኝነት የማይገባው ሰው ቤቴ አይቀመጥም!"

ዓለማየሁ ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ ኮቱን አንሥቶ ወጣ። በማግስቱ ሁለቱ የተከበሩ አባወራዎች አንድ ፌርማታ ላይ ጀርባ ለጀርባ ቆመው ባስ ሲጠብቁ ታዩ። ከቤተ ክርስቲያን አስታራቂ ተላከ። አስታራቂው የጠቡን መነሻ ሲሰማ ሳቁን መቆጣጠር ስላቃተው ነገሩ ጭራሽ ከረረ።

አሁን ስብከቱ ሁሉ የስመኝ ሆነ። ያን እንኳ ትችለው ነበር። ያልቻለችው ሌላውን ነው፤ ባሏ ቅዳሜ ሲሆን የሶፋውን ግማሽ ባዶ ትተው ጥግ ላይ ይቀመጣሉ።

የውድድር ዓመቱ ሲያልቅ የዘበኛውም ውል አለቀ። አለቆቹ፣ አልሄድም ብሎ የቆየላቸውን ሰው፣ ውሉን ሳያድሱ እንዲሁ ለቀቁት። ስለዚህ በረኛም የለ፣ ወጣቶችም የሉ። እንዲህ ያለው አመራር በትምህርት አይገኝም፤ ተሰጥኦ ይጠይቃል።

አቶ ጥሩነህ የዚያን ቀን ራት አልበሉም።

"ደውልለት" አለች ስመኝ።

"ለዘበኛው?"

"ለዓለማየሁ!"

"እሱማ ደስ ብሎት ይሆናል" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በቀጣዩ ዓመት ዘበኛው የሌላ ቡድን ማሊያ ለብሶ ለቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታ ቶሮንቶ መጣ። ልጃቸው ኤፍራታ ለእናትና ለአባቷ ሁለት ቲኬት ገዛች። "ማሚ፣ ጀስት ጎ፣ ኢንጆይ አድርጉ" አለች። ስመኝ ብርዳም አዳራሽ ውስጥ የሚጠብቃት ማብራሪያ ታያት፤ ወዲያው ለዓለማየሁ ኮል አደረገች።

"አሞኛል፤ የእኔን ቲኬት ውሰድ።"

"ከጥሩነህ ጎን? እሱ ይስማማል?"

"አልነገርኩትም።"

የጨዋታው ዕለት ራት ሰዓት ላይ ገና ከኮሪደሩ ጩኸት ተሰማ። በሩ ሲከፈት ሁለቱም ድምፃቸው ተዘግቷል፤ ከአናታቸው እስከ ኮታቸው በለስላሳ ርሰዋል።

"ምን ሆናችሁ?"

መጀመሪያ እንደ ሐውልት ተገትረው፣ ሳይተያዩ ተቀምጠው ነበር አሉ። ከዚያ የዘበኛው ስም በድምፅ ማጉያ ሲጠራ አዳራሹ ሙሉ፣ "ከሃዲ!" እያለ ጮኸበት።

"ራሳቸው አባረውት!" አሉ አቶ ጥሩነህ። "እኔ ደንግጬ ተቀምጫለሁ። ይሄ ግን ብድግ ብሎ ያጨበጭባል! 'አይዞህ ዘበኛው!' ይላል፣ በአማርኛ!"

"ግትር ነው ብያለሁ፤ አሁንም ግትር ነው" አለ ዓለማየሁ ግንባሩን እየጠረገ። "ግን ግትር ሰው ሲሰደብ ዝም ማለት አልችልም። ግትር ጓደኛ አለኝ።"

አቶ ጥሩነህም ተነሥተው አጨበጨቡ። ለስላሳው ከኋላ የፈሰሰባቸው ያኔ ነው። ሁለቱም አልተቀመጡም።

ስመኝ በትዳር ዘመኗ ሁሉ የጨዋታ ውጤት ጠይቃ አታውቅም። ኮቶቻቸውን ተቀብላ የመታጠቢያ ቤቱ ገንዳ ላይ ሰቀለችና ተመልሳ መጣች።

"ለመሆኑ እንዴት አለቀ?"

"አሸነፍን!" አሉ አቶ ጥሩነህ።

"ተሸነፍን!" አለ ዓለማየሁ፣ እኩል።

ያሸነፈው የዘበኛው አዲስ ቡድን ነበርና ሁለቱ ተፋጠጡ። "እኛ ማን ነን?" የሚል አዲስ ጠብ ሊጀመር ነው። ስመኝ ሶፋው ላይ መሃላቸው ገብታ ተቀመጠችና፣ "ቆይ፣ ከመጀመሪያው ንገሩኝ" አለች።