በርሜል የለበሱት ሽማግሌ

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ባጊዮ በምትባለው የፊሊፒንስ ደጋ ከተማ፣ ዱላዋን የሚባል እንጨት ጠራቢ ፍቅፋቂ ላይ እንደተጋደመ እንቅልፍ ወሰደውና ዓለም ተገልብጣ አየ።

ሥራው በርሜል የለበሰ ሰውዬ መጥረብ ነው። ቱሪስት በርሜሉን ወደ ላይ ሲያነሳው የእንጨቱ ሰውዬ ዕርቃኑን ብቅ ይላል፤ ገዢው ይስቅና አንድ ደግሞ ለአለቃው ይጨምራል። ዱላዋን ከሚያውቀው ፊት ውጭ መጥረብ ስለማይሆንለት ዘንድሮ ለሰውዬው የአፖ ቱጊናይን ፊት ሰጠው። ሰው ሁሉ በአክብሮት አፖ የሚላቸው እኚህ ኮስታራ ሽማግሌ የአጊናያ አባት ናቸው፤ ዱላዋን ደግሞ አጊናያን ሊያገባ ደጅ ይጠናል። ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ። ሽማግሌው ገበያ ስለማይወጡ አያዩትም ብሎ ነበር። ትናንት ግን የጋብቻውን መልስ ይዤ እመጣለሁ ብለው ላኩበት። ደነገጠ። ቅርጾቹን ሁሉ ፍቅፋቂ ውስጥ ቀበረና እላያቸው ላይ ተጋደመ።

በሕልሙ ገበያ ወጣ። ሻጮቹም ገዢዎቹም የእንጨት ሰዎች ነበሩ። መደርደሪያው ላይ በርሜል ለብሰው የቆሙት ጎረቤቶቹ ናቸው። ቁልቁል ቢያይ እሱም ለብሷል። ከሥሩ ሱሪ ይኑረው አይኑረው ማወቅ አልቻለም፤ እጆቹ አልታጠፍ አሉት።

«ዝም ብለህ ቁም» አለው አጠገቡ የቆመው የሰፈሩ ፖሊስ። «የሚንቀሳቀሰውን ምስጥ አለበት ብለው ያቃጥሉታል።»

አንዲት የእንጨት ሴት ግንባሩን ኳ ኳ አደረገችና ጆሮዋን አስጠጋች።

«ባዶ ነው» አለች።

«አይደለም፣ የደበቀው ነገር አለ» አለ ባሏ። «በርሜል ለምን ያለበሱት ይመስልሻል?»

ዝናቡ ከመሬት ወደ ሰማይ መዝነብ ጀመረ። ገበያው ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ አጊናያም ሙሽራ ሆና ከጎኑ ቆመች። የቬሎዋ ጫፍ ከበርሜል ውስጥ ይወጣል።

«በርሜልሽ ውስጥ ምን አለ?» አላት።

«አንተ ቀድመህ ንገረኛ።»

 እሷም የደበቀችው ነገር እንዳለ ጠረጠረ።

የእንጨቱ አፖ ቱጊናይ ከመንበሩ በኩል መጡ። ዱላዋን ራሱ አበላሽቶ የጠረበው አንድ ጆሯቸው ከሌላው ይተልቃል።

«ፊቴን ከየት አመጣኸው?»

«ከዛፉ ነው፣ አፖ።»

«ዛፉን ጠርተን ጠየቅነው። አላውቀውም አለ።»

በርሜሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ላይ ማንሳት ጀመሩ። ነፋስ ገባ። ዱላዋን ባለ በሌለ ኃይሉ ተራገጠ።

ሲነቃ ፍቅፋቂውን በእግሩ በትኖታል። እውነተኛው አፖ ቱጊናይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የራሳቸው ፊት ያለበትን ቅርጽ ይዘዋል። ሚስታቸው በሩ ላይ ቆመዋል። ሽማግሌው በርሜሉን አነሱት፣ መለሱት፣ እንደገና አነሱት። አልሳቁም።

«ፊቱ እኔ ነኝ» አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አፖ።»

«ለፊቱ እንኳን ግድ የለኝም፣ መንገድ ላይ አይተኸዋል።» ቅርጹን ገልብጠው ዳሌው ላይ ያለውን ጥቁር ጉጥ በጣታቸው ነኩት። ዱላዋን መሮው አልበሳ ሲለው እንዳለ የተወው ጉጥ ነው። «ዳሌዬ ላይ ያለውን ይሄን ምልክት ግን ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም። ጉጥ ነው፤ ከእንጨቱ የመጣ ነው።»

አፖ ቱጊናይ ቀስ ብለው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ሚስታቸው ዱላዋንን አዩት። ሽማግሌው ቅርጹን ኪሳቸው ከተቱና ተነሡ።

«እንጨቱ ከየት እንዳወቀ ስትነግረኝ» አሉ፣ «የጋብቻውን መልስ እነግርሃለሁ።»