የማይሰማ መዶሻ

መዶሻ መምረጥ ቀላል ይመስላል። ጎንደር ፒያሳ ካሉት የብረታ ብረት ሱቆች ወደ አንዱ ገብታችሁ «መዶሻ ስጠኝ» ብትሉት፣ ባለሱቁ መልሶ «ለምን?» ይላችኋል። የሚገባ ጥያቄ ነው። ለሥዕል መስቀያ ትንሹ ይበቃል፤ ለጣሪያ ምስማር ጭንቅላቱ ከበድ ያለ፣ ከኋላው መንቀያ ጥፍር ያለው ይሻላል፤ ለድንጋይ በሁለት እጅ የሚነሣው፤ ለሴራሚክ ደግሞ ንጣፉን እንዳይሰነጥቅ የጎማው። እጀታውም በእጃችሁ ውስጥ የሚሽከረከር መሆን የለበትም፤ ከአያያዝ ይቀደዳል የተባለው ለመዶሻም ይሠራል። ይህን ሁሉ ባለሱቁ ያውቀዋል። እኛ ሰፈር ግን እሱ የማያውቀው አንድ መመዘኛ አለ። መዶሻው ምን ያህል ይሰማል?

ሰፈራችን ከደብሩ አጥር ሥር ነው። ግማሹ ነዋሪ ቄስ፣ ዲያቆን ወይም የቄስ ዘመድ ነው፤ ቀሪው ቄስ እንዳይሰማው የሚጠነቀቅ ነው። በበዓል ቀን ልብስ ቢተኮስ፣ የሸሚዝ ቁልፍ ቢተከል ማንም ምንም አይልም። ድምፅ የለውማ። እንጨት የፈለጠ ወይም ምስማር የመታ ግን በዓል ሻረ ተብሎ እስከ ዓመቱ ስሙ ይነሣል። በዓል የምናከብረው በአብዛኛው በጆሯችን ነው።

አያ ደምሌ የመካነ ብርሃን ገበሬ ነበሩ። ጉልበታቸው ሲከዳቸው ልጃቸው ዘነበች ወደ ጎንደር አምጥታ፣ ከእኛ አጥር ቀጥሎ ባለው ቤቷ ታስታምማቸው ጀመር። ባለፈው ክረምት በጣም ደከሙ፤ ሐኪሙም ብርድ እንዳያገኛቸው አጥብቆ አስጠንቅቆ ነበር። በሐምሌ ማርያም ዕለት ነፋሱ ከአልጋቸው በላይ ያለውን ቆርቆሮ ከነምስማሩ ነቅሎ አነሣውና ዝናቡ ደረታቸው ላይ ይወርድ ጀመር። የልጅቱ ስም ዘነበች መሆኑን ያነሣ ሰው አልነበረም፤ ያላሰበው ግን ያለ አይመስለኝም። አልጋውን እንዳንገፋው ክፍሉ ጠባብ ነው። ወደ ሌላው ክፍል እንውሰድዎ ስንላቸው ደግሞ አሻፈረኝ አሉ። እሳቸው እንደሚሉት፣ በሽተኛ ከአልጋው በሰው ሸክም ከተነሣ መንገዱ ወደ አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ሦስት ወንዶች ሦስት መዶሻ ይዘን መጣን፤ ሦስታችንም ከጋቢያችን ሥር ደብቀን። እኔ ጥፍር ያለውን፣ ግንበኛው ድንጋይ የሚፈልጥበትን፣ ሴራሚክ አንጣፊው የጎማውን። ከአጥሩ ማዶ የሰፈሩ ሁሉ ንስሐ አባት ቤት ነው፤ ስለዚህ የመከርነው በሹክሹክታ ነበር። የግንበኛው ምስማሩን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ይመታል ተባለ። የእኔ ለሥራው የተገባ መሆኑን ማንም አልካደም፤ ጥፋቱ መሰማቱ ብቻ ነበር። የጎማው በአንድ ድምፅ ተመረጠ።

ዝናቡ ጋብ ሲል አንጣፊው መሰላሉ ላይ ወጣ። የጎማ መዶሻ የጣሪያ ምስማር ሲመታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ምስማሩ ባለበት ይቆማል፤ መዶሻው ይመለሳል።

«ምታው እንጂ፤ እያባበልከው ነው እኮ» አለ ግንበኛው ከታች።

«የአንተን ጉድ ብሰነዝር ኖሮ አሁን ከነጣሪያው እዚያው እግርህ ሥር ነበርኩ» አለ አንጣፊው ከላይ።

ዝናቡ ተመልሶ መጣ። ዘነበች አባቷ ደረት ላይ ሳፋ ደግፋ ተቀምጣለች። በክፍት በሩ የሚሉት ይሰማናል።

«ምነው፣ ጣሪያው አይመታም እንዴ?»

«እየተመታ ነው አባ።»

«አይሰማም።»

«እንዳይሰማ ነው።»

«እኔ ግን እየረጠብኩ ነው» አሉ አያ ደምሌ።

ዘነበች ሳፋውን አስቀምጣ ወጣችና እጇን ዘረጋችልኝ። መዶሻዬን ከጋቢዬ ሥር አውጥቼ ሰጠኋት።

«የሚሰማን ጎረቤት ነው ወይስ እግዜር?» አለችን። «እግዜር ከሆነ የጎማውንም ሰምቷል።»

አንጣፊውን አስወርዳ ራሷ ወጣች። ምስማሩ ገባ፤ ሰፈሩም ሰማ። እኛ መሰላሉን ይዘን ወደ አጥሩ ማዶ እያየን ቆምን።

በማግስቱ ጠዋት ንስሐ አባታችን በሽተኛውን ሊጠይቁ መጡ። መስቀላቸውን አሳለሙ፣ ተቀመጡ፣ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ከዚያ በዝግታ፣ «ትናንት ነጎድጓዱ ከባድ ነበር» አሉ።

በጣም ከባድ እንደነበር ሁላችንም መሰከርን።

«ሸጋ ነጎድጓድ ነበር» አሉ አያ ደምሌ ከአልጋቸው።

ሳምንት ሳይሞላ፣ በመድኃኔዓለም ዕለት፣ በዚያው አልጋ ላይ አረፉ። ፍራሹ ደረቅ ነበር። የሬሳ ሳጥኑ በዚያው ቀን እዚያው ግቢ ውስጥ ተመታ። ግንበኛው የእኔን መዶሻ ተውሶ ከረፋድ ጀምሮ ምስማር ሲያስገባ ድምፁ አጥሩን አልፎ፣ ደብሩን አልፎ ይሄድ ነበር። አንጣፊው ጣውላ ያቀብለዋል። ንስሐ አባታችንም አጠገባቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ።

በዓል ነው ያለ አልነበረም። የጎማው ይምጣ ያለም አልነበረም።