የዶክተር ዓባይነህ የሥራ ልምድ

የሥራ ልምዱን ሳይተርክ የሰው እጅ የማይጨብጥ አንድ የተማረ ሰው የሌለበት ሰፈር በአዲስ አበባ ፈልጋችሁ አታገኙም። አንዳንዱ ሰፈር መሐንዲስ ይደርሰዋል፣ አንዳንዱ ጠበቃ፣ ያልታደለው ደግሞ ጡረታ የወጣ ዳይሬክተር። ለልደታ የደረሳት ሐኪም ነበር። ያውም የድንገተኛ ክፍል ሐኪም፤ እንጀራው ጥድፊያ ሆኖ ሳለ ወሬ ላይ ግን ችኮላ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት።

ክቡር ዶክተር ዓባይነህ ማለት እሳቸው ናቸው። ታሪካቸውን ከማንም በላይ የሰማችው ወይዘሮ ሀረገወይን ነበረች፤ ወዳ ሳይሆን አጥር ስለሚያዋስናቸው። ሀረገወይን ባሏ የሞተባት፣ ከልደታ ማርያም በር ፊት ለፊት ነጠላና መቀነት እየሸጠች አንዲት ልጇን ሶፊያን የምታሳድግ ሴት ናት። ራስ ምታት ሲነሳባት እንኳ አጥር ተሻግራ ሐኪም ከማስቸገር ግንባሯን በሻሽ ጠፍራ መተኛት ትመርጥ ነበር። ምክንያቱም ሐኪሙ ዘንድ የሄደ ሰው ሕመሙን ከመናገሩ በፊት የሐኪሙን ታሪክ መስማት ነበረበት።

«መጀመሪያ እንተዋወቅ» ይላሉ ዶክተሩ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው። ዐሥር ዓመት ሙሉ ጎረቤት ናቸው እኮ። ቢሆንም መተዋወቅ ይጀመራል። ደብረ ማርቆስ ላይ በድሬሰርነት ይነሳሉ፤ ቁስል በማጠብ ብቻ እንዴት የዋና ሐኪሙን ዓይን እንደ ሳቡ ይተርካሉ። ከዚያ ቤይሩት፣ ሰባት ዓመት። ከዚያ ስኮትላንድ፤ እዚያ ከፈረስ የወደቀ አንድ ባላባት ከነጭ ሐኪሞች ሁሉ መርጦ ጉልበቱን ለእሳቸው ሰጥቷል። በመጨረሻ የአሁኑ ይመጣል። ጠዋት ጠዋት በትልቁ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ ማክሰኞ ከሰዓት ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ባለ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ክሊኒክ፣ ሐሙስ አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ የሦስት ማኅበራት አባል፣ ቅዳሜ ጠዋትም የቀበሌው ጤና ኮሚቴ አማካሪ። «በድንገተኛ ሕክምና በዚህች አገር የመጀመሪያው እኔ ነኝ» ብለው ይደመድማሉ። ሁለተኛው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ስላልነበረ የሚከራከራቸው አልተገኘም።

ይህ ሁሉ በራቸው ላይ በእብነ በረድ ተቀርጾ ተሰቅሏል። ጽሑፉ ከመርዘሙ የተነሳ ለንግሥ ከገጠር የሚመጡ እናቶች የመቃብር ሐውልት መስሏቸው «ነፍስ ይማር» ብለው ያልፉ ነበር። ሀረገወይን ይህን አይታ አንድ ሳምንት ስቃለች።

ባለሱቁ አብዱልመናን ትከሻው የወለቀ ጊዜ የሆነውን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ሰውየው በሥቃይ ላብ እያጠመቀው ዶክተሩ ቤይሩት ላይ ነበሩ፤ ስለ አንድ ፕሮፌሰር ጢም። አብዱልመናን በንዴት ጦፎ፣ እንግዲህ ሐኪሙን ልምታው ብሎ እጁን ሲያነሳ እጁ ተነሳለት። ትከሻው ገብቷል። ዶክተሩ ሳይሆኑ ንዴቱ ነው ያዳነኝ እያለ ዘይትና ስኳር ሊገዛ ለመጣ ሁሉ ያወራ ነበር፤ ሀረገወይንም ቀለም ጨምራበት ታወራዋለች።

የባሰው ግን የታከመ ሰው ሁሉ የታሪኩ አካል መሆኑ ነው። ያከሙትን ሰው መንገድ ላይ ካገኙ አስቁመው አብሯቸው ላለው ሰው ያሳዩታል። «ይህ ቅንድብ የኔ ስፌት ነው» ይላሉ። በአንድ ሰርግ ላይ ሙሽራውን ከዙፋኑ አስነስተው የትርፍ አንጀቱን ጠባሳ ሊያስጎበኙ ሲሉ ሚዜዎቹ በትሕትና ጎትተው አስወጥተዋቸዋል። ጉራቸው ክፋት አልነበረበትም፤ ግን አፋቸው በር የለውም። ሀረገወይን እንደዚያ ነበር የምታምነው።

ከዚያ ሰባ ዓመተ ምሕረት መጣ፣ ሳቁም ቀረ። ጠዋት ጠዋት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር መታጠፊያ ላይ ደረታቸው ላይ ወረቀት የተለጠፈባቸው ልጆች ወድቀው ይገኙ ጀመር። እናቶች የልጆቻቸውን ጫማ ከሩቅ እየለዩ፣ ማልቀስ ስለተከለከለ ከንፈራቸውን ነክሰው ያልፋሉ። በየሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ አብዮት ጥበቃዎች ቆመው ጥይት የመታውን ሰው ከነቃሬዛው ይወስዱታል። ሐኪሙ ያዳነውን ሰው ማታ ይገድሉታል። ዶክተር ዓባይነህ በዚያ ሰሞን ከሥራ ሲመለሱ ቮልሳቸውን አቁመው ሳይወርዱ ብዙ ይቆዩ እንደነበር ሀረገወይን በአጥሩ ቀዳዳ አይታለች። ትርጉሙን ግን አልጠየቀችም፤ በዚያን ጊዜ ሰው የራሱን ደጅ ብቻ ነበር የሚጠብቀው።

አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሶፊያ አንድ እግሯን እየጎተተች በጓሮ በር ገባች። ጥይት ጭኗ ውስጥ ቀርቷል። ወረቀት ስትበትን ይሁን ዳቦ ልትገዛ ወጥታ የተመታችው፣ እናቷ እስከ ዛሬ አልጠየቀቻትም። ሆስፒታል መውሰድ ማለት በገዛ እጅ አሳልፎ መስጠት ነው። ዝም ብሎ ማስተኛት ማለት ደግሞ ደሟ ሲፈስ ማየት ነው። ያለው ሐኪም አንድ ነው፤ እሱም በሰፈሩ ምሥጢር የማይቋጥር የተባለው ሰው። ሀረገወይን የዶክተሩን አፍ ከጥይቱ እኩል ፈራችው። ቢሆንም ደሙ ፍራሹን ሲያርስ አጥሩ ጋ ሄዳ ጠራቻቸው።

ዶክተሩ ቦርሳቸውን ይዘው መጡ። ቁስሉን አዩ። ማደንዘዣ እንደሌላቸው፣ ሆስፒታል ያለውም ያለ አብዮት ጥበቃ ፊርማ እንደማይወጣ ለሀረገወይን በሹክሹክታ ነገሯት። ከዚያ ነጠላ አጣጥፈው ለሶፊያ አስነከሷትና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ።

«መጀመሪያ እንተዋወቅ።»

ሀረገወይን ያን ጊዜ አንገታቸውን ብታንቃቸው ደስታዋ ነበር። ልጅዋ እየሞተች እሳቸው ደብረ ማርቆስ ናቸው። ቤይሩት ሲደርሱ ሶፊያን ያስደግሟት ጀመር። ስንት ዓመት አልኩሽ? ነጠላውን ተፍታ ሰባት አለች። የፕሮፌሰሩ ስም ማን ነበር? አታውቀውም። እንደገና ነገሯት። ተሳሳተች። የተማረች ልጅ አንድ ስም መያዝ እንዴት ያቅታታል ብለው ተቆጧት። ሶፊያ ሕመሙን ረስታ በንዴት ፊቷ ቀላ፤ እሳቸውንም ፕሮፌሰሩንም አንድ ላይ ሰደበቻቸው። ሀረገወይን የዚያን ጊዜ ነው የሰውየውን እጆች ያየችው። እጆቹ አፉ የሚያወራውን አይሰሙም። መቆንጠጫው ገብቶ ወጥቷል፣ ጥይቱ ሳሕኑ ላይ ነው፣ ስፌቱ ተጀምሯል። ዶክተሩ ገና ስኮትላንድ አልደረሱም።

ማደንዘዣው ወሬው ነበር። አብዱልመናንም፣ ቅንድቡ የተሰፋውም፣ ሰፈሩ በሙሉ በዚህ ነበር የታከመው፤ አንድም ሰው አልነቃም።

ሲጨርሱ ሀረገወይን እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ያዟት። ይህን ነገር ለማንም እንዳያወሩ ለመነቻቸው። ዶክተሩ እጃቸውን ታጥበው ወጡ። ቃል ሳይገቡላት መሄዳቸው ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳት። ሱቅ በር ላይ ቆመው ሲያወሩ ባየቻቸው ቁጥር ጨው የምትገዛ መስላ ትጠጋለች፣ ትሰማለች። ታሪኩ እንደ ወትሮው ይሄድና የቀበሌው ጤና ኮሚቴ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል የለችም። ቢሆንም ነገ ይቀጥሉ ይሆናል ብላ ትሰጋለች።

የዚያን ቅዳሜ ዶክተሩ ቦርሳ ይዘው ሲወጡ አንድ አብዮት ጥበቃ አይቷቸው ኖሯል። የት ቤት እንደገቡ ግን አላየም። በሳምንቱ እሑድ ነዋሪው ሁሉ ቀበሌ አዳራሽ ተጠራ። በዚያ ዘመን ሰው በጎረቤቶቹ ፊት ቆሞ የሕይወት ታሪኩን መናገር፣ ራሱን መክሰስ ግዴታው ነበር፤ ግለ ሂስ ይሉታል። ሌላው ሰው ታሪኩን ያሳጥራል፣ ያደኸያል፤ አባቱ ጭሰኛ እንደነበር ይምላል። ክቡር ሊቀመንበር ጓድ አስፋው፣ ከአብዮቱ በፊት የበግ ቆዳ ሲነግድ የምናውቀው፣ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ ዶክተሩን አስነሳቸው።

«ጓድ ዶክተር፣ የሥራ ታሪክህን ለሰፊው ሕዝብ ዘርዝር። ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ያከምከውን አናርኪስትም አትርሳ።»

አዳራሹ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ሰዉ ወንበሩ ላይ ተደላደለ፤ ዛሬ ቤት መግባት የለም። ሀረገወይን ከኋላ ተቀምጣለች። ዶክተሩ ጀመሩ። ደብረ ማርቆስን አልዘለሉም። በዚያ ጉባኤ መሐል ቤይሩትንና ስኮትላንድን መጥራት የኢምፔሪያሊስት አሽከር ለመባል እንደሚበቃ እያወቁ ጠሯቸው። ባላባቱንም፣ ጉልበቱንም። ክሊኒኩን፣ ፋብሪካውን፣ ማኅበራቱን ቆጥረው የጤና ኮሚቴው ላይ ደረሱ። እዚያ አቆሙ።

«ቅዳሜ ከቀትር በኋላስ?» አለ ጓድ አስፋው።

«ምንም አልሠራሁም።»

«ቦርሳውስ?»

«ለጉራ ነው» አሉ ዶክተር ዓባይነህ። «ቦርሳ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም። ሰፈሩ ያውቀኛል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ያውቃቸዋል እንጂ። አብዱልመናን ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሀረገወይንም ብቻዋን ሳትስቅ እንዳትታይ ሳቀች። የሰፋውን ቅንድብ ሁሉ በአደባባይ የሚያስጎበኝ ሰው፣ በሕይወቱ ትልቁን ሥራ ሠርቶ ምንም አልሠራሁም ብሏል። ጓድ አስፋው ግን አልሳቀም። ያከምከውን ሰው ስም ስትነግረን ትለቀቃለህ ብሎ የቀበሌው የበላይ ወደ ሆነው ወደ ከፍተኛው እስር ቤት አስወሰዳቸው።

ብልህ ሰው ቢሆን ኖሮ ከዚያ ቀን ጀምሮ የዶክተሩን በር ዞሮ አያይም። ሀረገወይን ብልህ ነበረች፤ ሦስት ቀን ዞራ አላየችም። በአራተኛው ቀን ምሳ ዕቃ ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ተሰለፈች። ዘበኛው የዶክተሩ ምን እንደሆነች ጠየቃት። ይህ ጥያቄ ሶፊያ ድረስ የሚወስድ መንገድ እንዳለው አውቃለች።

«እኅታቸው ነኝ» አለች።

ክረምቱን ሙሉ ስንቅ አመላለሰች። ምሳ ዕቃው ባዶውን ይመለሳል፤ መብላታቸውን ታውቃለች፣ መብላታቸው መኖራቸው ነው። የእስረኛ ዘመድ ናት ተብላ ደንበኞቿ ሸሿት፤ ሸማውን ራሷ ለብሳ ተቀመጠች። መስከረም ሲጠባ አንድ ጠዋት ዘበኛው ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት መለሰላት።

«ከእንግዲህ አታምጪ።»

ሬሳ አልሰጧትም፤ ለሌላውም አልሰጡም። ማልቀስ ክልክል ነው። በራቸው ላይ የነበረውን እብነ በረድ ቀበሌው ነቅሎ የሽንት ቤት ደረጃ አደረገው። ሀረገወይን ቤቷን ዘግታ፣ ራዲዮኑን ከፍ አድርጋ፣ ለዚያ አፉ ለማያርፍ ሰውዬ ወንድም እንደሞተበት ሰው አለቀሰች።

ቢያንስ ፍትሐት ላድርግላቸው ብላ ልደታ ማርያም አባ ወልደትንሣኤ ዘንድ ሄደች። አባ ግራ ቀኝ አይተው እሺ አሉ፤ በቀስታ፣ ደወል ሳይደወል።

«ክርስትና ስማቸው ማን ነው?»

ሀረገወይን አፏን ከፈተች። ደብረ ማርቆስ መጣላት። ቤይሩት ሰባት ዓመት፣ የፕሮፌሰሩ ጢም፣ የፈረሰኛው ጉልበት፣ ሐሙስ የብርድ ልብስ ፋብሪካ። ሁሉም እንደ ዳዊት ተሰድሮ ቀረበላት። ቄሱ ጎንበስ ብለው ይጠብቃሉ። አገራቸው የት እንደሆነ እንኳ አታውቅም፤ እናት ነበረቻቸው ወይ፣ ማን ክርስትና አነሳቸው፣ አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም። ተናደደችባቸው። ያን ሁሉ ዓመት ሲያወሩ ኖረው ነፍሳቸው የምትጠራበትን አንዷን ስም ጣል ቢያደርጉ ምን ነበረበት?

«ሐኪም ነበሩ» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ።

«እሱን ተይው ልጄ» አሉ አባ። «እዚያ በሙያ አይጠሩም።»

«እንግዲያው ገብረ ማርያም ይበሉልኝ። ተሳስቼ ከሆነ እመቤቴ ታስተካክለዋለች።»

አባ ወልደትንሣኤ ብዙ አመነቱ። ከዚያ መጽሐፋቸውን ይዘው ገቡ፤ ገብረ ማርያም ብለውም አነሷቸው። ሀረገወይን ግን እንዳልሆነ ልቧ ይነግራታል። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ልደታ ስትሆን፣ ከሶፊያ ጋር ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ቆማ ለሞቱባት ሁሉ ትጸልያለች፤ ባሏን በስሙ፣ እናትና አባቷን በስማቸው ትጠራለች። እሳቸው ጋ ስትደርስ ዝም ትላለች፤ ከዝምታው ብዛት ሶፊያ እጇን ትይዛታለች።