በፊደል ተራ የደረደርኩት ሳጥን

ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ማወቅ ሰውን ከሥራው ያፈናቅላል ብዬ ብነግራችሁ ታምኑኛላችሁ?

እኔም ሳላየው በፊት አላምንም ነበር።

ትናንት ከለጠፍኩት ቀልድ ሥር አንዲት ተከታታዬ «እንደ እርስዎ ጥንቁቅ ሰው አይቼ አላውቅም» የሚል ኮሜንት ጻፈችልኝ። ብዙ ሰው ላይክ አደረገላት። እኔ ግን ቁርሴ አልወረደልኝም።

ስለዚህ የዛሬው ፖስት ኑዛዜ ነው። ሳቅ ካገኛችሁበት ሳቁ፤ በእኔ ላይ እስከሆነ ድረስ ፈቅጃለሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ ከተማው ጎንደር። ሃያ አራት ዓመቴ ነው። በፋርማሲ ተመርቄ አንድ ሆስፒታል ተመድቤያለሁ፤ ማራኪ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ።

ዓይናፋር ነበርኩ። እንዴት ያለ ዓይናፋርነት መሰላችሁ? ዳቦ ቤት ሰው ከቀደመኝ ዳቦ ሳልገዛ የምመለስ ዓይነት።

ሥራዬ የመድኃኒት ክፍሉን መያዝ ነበር። የአምቡላንሱ ሳጥንም በእኔ ሥር ነው። ሳጥኑ ቆርቆሮ ሆኖ ውስጡ በቀጫጭን እንጨት የተከፋፈለ ነው። በየክፍሉ መንገድ ላይ ነፍስ የሚያቆዩ መድኃኒቶች በትንንሽ የብርጭቆ አምፑል ተቀምጠዋል። የአምቡላንሱ ሰው በመርፌ እየሳበ ይወጋቸዋል።

የአምቡላንሱ ሰው አያ ታፈረ ነበሩ።

አያ ታፈረ ድሬሰር ናቸው። ኮሌጅ አልገቡም። ከቁስል ማጠብ ተነሥተው፣ ሐኪሞቹን እያዩ፣ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የተማሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን በደረት ኪሳቸው ይይዛሉ እንጂ ዓይናቸው ላይ አያደርጉትም። ሳጥኑን ሳያዩ ይከፍታሉ፤ ሳያዩ ያነሣሉ። እጃቸው ያውቀዋል።

እኔ ደግሞ አንድ እሑድ ሳጥኑን ከፍቼ ደነገጥኩ።

ሥርዓት የሚባል ነገር አልነበረውም። ኤርጎሜትሪን አሚኖፊሊን አጠገብ። ዳያዜፓም ከአድሬናሊን በላይ። ይህን ያየ አስተማሪዬ ምን ይል ነበር?

ስለዚህ አውጥቼ ጠረግኩት። ከዚያም በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ደረደርኩት። አድሬናሊን፣ አሚኖፊሊን፣ አትሮፒን፣ ዳያዜፓም፣ ኤርጎሜትሪን፣ ሌላውም እንዲሁ። ዝርዝሩን በጥሩ ጽሕፈት ጽፌ ክዳኑ ውስጥ ለጠፍኩት። ፈቀቅ ብዬ አየሁት። እንዴት ደስ እንዳለኝ ብትጠይቁኝ ዛሬም አፍራለሁ።

ለአያ ታፈረ ሰኞ ጠዋት እነግራቸዋለሁ አልኩ።

ሰኞ ጠዋት መጡ። «እንደምን አደርሽ የኔ ልጅ» አሉኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

አለቀ። የነገርኳቸው ይኸው ነው።

ምን ልበላቸው? «የእርስዎን ዝርክርክ አስተካከልኩት» ልበላቸው? በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። ዝርዝሩ ክዳኑ ላይ አለ፣ ያነቡታል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

በዚያው ሳምንት፣ ሐሙስ፣ ለአምባ ጊዮርጊስ ክሊኒክ መድኃኒት ማድረስ ነበረብኝና ከአምቡላንሱ ጋር ሄድኩ። ሹፌሩ ጌጡ ነው፤ ምላሱ የማያርፍ ሰው። ከወለቃ ጀምሮ እስክንደርስ አንድ ቃል ስላልወጣኝ፣ «ወይዘሪት፣ ኧረ ቀስ እያልሽ አውሪ፣ ጆሮዬን አመመኝ» አለኝ።

አያ ታፈረ፣ «ተዋት አንተ። ዝም ያለ ሰው ቢያንስ አይዋሽም» አሉት።

ይህን ለእኔ ተሟግተው ነው የተናገሩት።

መድኃኒቱን አስረክበን ልንመለስ ስንል አንዲት ወላድ በቃሬዛ መጣች። ቤቷ ወልዳለች፣ የእንግዴ ልጁም ወጥቷል፤ ደሙ ግን አልቆመም። ክሊኒኩ ውስጥ የሚያቆም ነገር አልነበረም። ባሏ አብሮ ገባ። ጌጡ ቀልዱን ተወና መኪናውን አስነሣ።

መንገዱ ኮረኮንች ነው። እኔ ከኋላ፣ ሴትየዋ እግር ሥር ተቀምጫለሁ። የነጠላዋ ጫፍ ቀይ ሆኗል።

«አያ፣ እባክዎ፣ ሁለት ልጅ ጥላብኝ እንዳትሄድ» አለ ባሏ።

«አይዞህ። የሚያቆመው መድኃኒት እኛ ዘንድ ነው» አሉት አያ ታፈረ።

እውነታቸውን ነበር። ኤርጎሜትሪን ማህፀንን ያኮማትራል፤ እንዲህ ያለውን ደም የሚያቆመው እሱ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ነበር። አምስተኛው ክፍል ውስጥ።

አያ ታፈረ በአንድ እጃቸው የሴትየዋን ሆድ እያሹ፣ በሌላው ሳጥኑን ከፈቱ። ዓይናቸው ከእሷ ፊት አልተነሣም። እጃቸው ቀጥ ብሎ ወደ መጀመሪያው ክፍል ሄደ።

አየሁ።

ያነሡት ልብ የሚያስሮጠውን አድሬናሊን ነው። ሁለቱም አምፑል ቡናማ ነው፣ ሁለቱም ትንሽ ነው። አንገቱን ሰበሩት፣ ወደ መርፌው ሳቡት። ይህ ሁሉ ሲሆን ለእኔ አንድ ዓረፍተ ነገር የሚወጣበት ጊዜ ነበር። ሁለትም ይወጣ ነበር።

«አያ...» አልኩ።

ድምፄን እኔም አልሰማሁትም። መኪናው ዳገት እየወጣ ያጓራል።

«እግሯን ከፍ አድርገሽ ያዢልኝ» አሉኝ። ያዝኩ። መታዘዝ ላይ ጎበዝ ነኝ።

ወጓት።

ትንሽ ቆይቶ ጣቶቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። «ልቤ... ልቤ ሊወጣ ነው» አለች። ደሙ አልቀነሰም። አያ ታፈረ ፊታቸው ተለወጠ። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉ፤ ባዶውን አምፑል አንሥተው አነበቡ። ከዚያ ቀና ብለው ክዳኑን አዩ። ከዚያ እኔን አላዩኝም። አምስተኛው ክፍል ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣ አንብበው፣ ስበው ወጓት። እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስም ሆዷን ማሸት አላቆሙም።

ኮሶዬን ስናልፍ ደሙ መቀነስ ጀመረ።

ሴትየዋ ተርፋለች። ልባችሁን አንጠልጥዬ ኮሜንት መሰብሰብ አልፈልግም፤ ተርፋለች። ደም ተሰጣት፣ ሰነበተች፣ በእግሯ ወጣች። ሐኪሙ ግን ትንሽ ብትዘገዩ አልቆላት ነበር ብሏል።

በሩ ላይ ሐኪሙ ሲቀበለን አያ ታፈረ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «በስህተት አድሬናሊን ወግቻታለሁ። ኤርጎሜትሪን የሰጠኋት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን አውቀህ ሥራ» አሉት። ባሏ ይሰማል። ጌጡ ይሰማል። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ባዶ ሳጥን ይመስል ሳጥኑን አቅፌያለሁ።

በማግስቱ የሠራተኛው ሂስና ግለሂስ ስብሰባ ነበር። የዚያን ዘመን ሰው ያውቀዋል፤ ለማያውቅ ወጣት ግን፣ ተነሥተህ ጥፋትህን የምትዘረዝርበት፣ ሌላው ደግሞ የረሳኸውን የሚጨምርልህ ስብሰባ ነው። ሰብሳቢው ከአስተዳደር የመጣ ሰው ነው፤ መርፌን ከክዳኑ ለይቶ አያውቅም።

አጀንዳው አንድ ነበር። ጓድ ታፈረ ከአምቡላንስ ይነሡ ወይስ ይቆዩ?

አያ ታፈረ ተነሡ። «የሳትኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ሳላነብ አነሣሁ። እኔ ሳጥኑን የምደረድረው ቶሎ በሚገድለው ተራ ነው። ደም መጀመሪያ፣ ትንፋሽ ቀጥሎ፣ ከዚያ...»

«ጓድ ታፈረ፣ ሌክቸር አልጠየቅንም» አለ ሰብሳቢው።

ተቀመጡ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሥርዓት የለውም ያልኩት ሳጥን ሥርዓት ነበረው። የእኔ ሥርዓት የፊደል ነበር፤ የእሳቸው የሞት።

አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። «ለአያ ታፈረ ሳልነግራቸው ቦታውን የቀየርኩት እኔ ነኝ።» ማታ ወረቀት ላይ ጽፌው መጥቻለሁ። ወረቀቱን ይዤዋለሁ።

እጄን አነሣሁ። በሕይወቴ ስብሰባ ላይ እጄን ሳነሣ የመጀመሪያዬ ነው። ሰዉ ሁሉ ዞረ። ጌጡ «እሷ ናት?» ሲል ሰማሁት።

እንግዲህ ጥፋትን ሲናዘዙ ከመጨረሻው ይጀመራል እንዴ? እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ከመግቢያ ጀመርኩ።

«ጓድ ሰብሳቢ» አልኩ፤ «በዕለቱ ሳጥኑ ውስጥ የነበሩት መድኃኒቶች በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ተደርድረው ነበር። ዝርዝራቸውም ክዳኑ ላይ ተለጥፎ ነበር። ይህን ያደረገው...»

«ያደረገው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

ወጣልኝ። አያችሁ? ተናገርኩት። አሁን «ሳልነግራቸው» የምትለዋ ብቻ ቀረች።

ሰብሳቢው ጠረጴዛውን በእጁ መታ አደረገና፣ «ጓዶች፣ ሰማችሁ?» አለ። «አንዲት ወጣት ምሁር መድኃኒቱን በሳይንሳዊ መንገድ ደርድራ፣ ዝርዝሩን ለጥፋ ሰጥታቸዋለች! ጓድ ታፈረ ማንበብ እንኳ አልፈቀዱም። እናመሰግናለን፣ ጓድ። ይህ ለሁላችንም አርአያ ነው።»

አጨበጨቡልኝ።

አፌ ክፍት ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ምላሴ ላይ ነበር። ጭብጨባው እስኪያልቅ ልጠብቅ አልኩ፤ ሰው ሲያጨበጭብ ማቋረጥ ነውር መሰለኝ። ጭብጨባው ሲያልቅ ሰብሳቢው ድምፅ እያስቆጠረ ነበር።

ተቀመጥኩ።

አያ ታፈረ ከአምቡላንስ ተነሡ። ሊማሊሞን ተሻግሮ፣ መኪና የማይገባበት አንድ የገጠር ክሊኒክ ቁስል ጠራጊ ተደረጉ። ጡረታ ለመውጣት ብዙ ያልቀራቸው ሰው።

የሚሄዱበት ጠዋት አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። ከቤቴ እስከዚያ ድረስ ዓረፍተ ነገሩን እየደጋገምኩ ነበር። ጥቅልል አልጋ ልብሳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አያ፣ ሳጥኑን... ሳልነግርዎት የቀያየርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። አየር እስኪያጥረኝ ቶሎ ቶሎ።

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቁ?»

«ክዳኑን ቀና ብዬ ያየሁ ጊዜ። ያንቺ ጽሕፈት ነው። ሸጋ ጽሕፈት አለሽ።»

«ታዲያ ስብሰባው ላይ ምነው አልተናገሩም?»

አያ ታፈረ ጥቅልሉን ወደ ትከሻቸው አነሡ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ሳላነብ የወጋሁስ እኔ አይደለሁ?» አሉ። «የቀረውን አንቺ ትናገሪዋለሽ ብዬ ነው። እጅሽን ስታነሺ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ተሳፈሩ።

ወደ ሆስፒታሉ ተመለስኩና ሳጥኑን አውርጄ ሁሉንም አወጣሁ። በእሳቸው ተራ ልመልሰው ነው። ኤርጎሜትሪኑን መጀመሪያው ክፍል አስቀመጥኩ። ትንፋሽ የሚከፍተውን አሚኖፊሊን ሁለተኛው ላይ።

ሦስተኛው ላይ እጄ ቆመ።

ከትንፋሽ ቀጥሎ ቶሎ የሚገድለው ምንድን ነው? መጽሐፎቼን ገለበጥኩ፤ በፊደል ተራ ናቸው። ሐኪሙን ጠየቅኩት፤ «እንደ ሁኔታው ነው» አለኝ። የሚያውቀው ሰው አውቶቡሱ ውስጥ ነበር፤ አውቶቡሱ ምናልባት ዳባትን አልፎ ይሆናል።

ዓይናፋርነት የጨዋ ልጅ ምልክት ነው እያላችሁ ሴት ልጅ የምታሳድጉ ተከታታዮቼ፣ ይህን ስታነቡ እስኪ ፍረዱኝ፤ ጨዋ ነበርኩ?