የሦስተኛው አግዳሚ ባላደራ

ሰው በተሰለፈበት ሁሉ፣ ላልመጣ ሰው የተሰለፈ አንድ ሰው አይጠፋም። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሰው በሚገባ ታውቀዋለህ። በታጨቀ አውቶቡስ ውስጥ ባዶ መቀመጫ አግኝተህ ደስ ሲልህ፣ መቀመጫው ላይ ቦርሳ ተቀምጦ ታያለህ። የቦርሳው ባለቤትም በመስኮት ወደ ውጭ እያየች፣ ፊቷን እንኳን ሳታዞር፣ «ሰው አለው» ትልሃለች። ሰውየው የት እንዳለ፣ መቼ እንደሚመጣ፣ ጨርሶ የተወለደ መሆኑንም አትጠይቅም። ቆመህ ትሄዳለህ።

በዚህ ሙያ የከተማዋን ነገረ ፈጅ አክስት የሚስተካከል አልተገኘም። ሰፈርተኛው «እመት ባላደራ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ማዕረጉን ሹመት የተቀበሉ ያህል ተቀብለውታል። በሠርግ አዳራሽ ላልተጠሩ ዘመዶች ወንበር ይይዛሉ። በቀበሌ በር ላይ፣ ገና ከእንቅልፉ ላልተነሣ ጎረቤት ተራ ይጠብቃሉ። ከሁሉም የሚወራው ግን የጤና ጣቢያው ነገር ነው። ለጎረቤታቸው ለአናጢው ተራ ይዘው ሳሉ አናጢው ማረፉ ተነገራቸው። እመት ባላደራ «ነፍሱን ይማር» አሉ፤ ቦታውን ግን አልለቀቁም።

«ሞተ ተብሎ ተራው ይወሰድበታል? ነውር አይደለም እንዴ!»

ስሙ ሲጠራ ከኋላ የነበሩት በሽተኞች እርስ በርስ ተያዩ። አንድ ሰው ታይቶ ሊወጣ የሚበቃ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስም ማንም ከወንበሩ አልተነሣም። ቀጥላ የገባችውን ሴት፣ ሐኪሙ «ከፊትሽ የነበረው ሰውዬ በየት በኩል ወጣ?» ብሎ ጠይቋታል ይባላል። ሴትየዋ እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ነገር ትምላለች።

ነገረ ፈጁን ያሳደጉት እኒህ አክስት ናቸው። እሱ ግን ከመጽሐፍ ጋር እንጂ ከሰው ጋር መከራከር የማይሆንለት ሰው ወጣው። አንድ ዓረፍተ ነገር ከመናገሩ በፊት በልቡ ደጋግሞ ያርመዋል፤ ከተናገረው በኋላ ደግሞ ይቅርታ ይጠይቅበታል። የከተማዋ የመጨረሻ ተስፋ የወደቀው በዚህ ሰው እጅ ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከተማዋ በላይ አንድ ሰፊ የእርሻ ድርጅት ቦይ ቆፈረና በወንዟ ላይ የብረት መዝጊያ ተከለ። ወንዟ በየወሩ እየቀጠነች ሄደች። ቧንቧዎች ሲከፈቱ በውሃ ፈንታ ጉሮሯቸውን ይጠራርጉ ጀመር፤ በአንዳንድ ቤት ደግሞ ሳይከፈቱም። ከተማዋ ከሰሰች። የጠየቀችው ወንዟ ሙሉ በሙሉ እንድትመለስ አልነበረም። በበጋ እንኳን ሳይቋረጥ መውረድ ያለበት ፍሰት በሕግ ይከበርልኝ ነው ያለችው። ከተሸነፈች ሌላ የምትጠጣው አልነበራትም። የድርጅቱ ጠበቃ ደግሞ ድምፁ አዳራሽ የሚሞላ ሰው ነበርና፣ «ወርዶ ለሚባክን ውሃ ማነው ባለቤቱ?» እያለ ችሎቱን ያስቀው ነበር።

በመጀመሪያው ቀጠሮ እመት ባላደራ መጥተው በሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሻርፓቸውንም ከጎናቸው ዘረጉ።

«እሜቴ፣ ሻርፑን ያንሡልኝ፤ ሰው ቆሟል» አለ ችሎት አስከባሪው።

«ሰው አለው።»

«ማን?»

«ባለጉዳይዋ።»

«ባለጉዳይዋ ከተማዋ ናት። ነገረ ፈጇም ያውና ፊት ተቀምጧል።»

«እሱማ የእኔ ልጅ ነው። እኔ የምልህ ዋናዋን ነው። ውሃ ውሃ የምትባባሉባትን!»

«ወንዟ ናት የምትመጣው?»

«መንገድ ተዘግቶባት ነው እንጂ ይኼኔ ደርሳ ነበር።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ነገረ ፈጁ ጆሮው ቀልቶ ከመዝገቡ ላይ ቀና አላለም። ሲወጡ በደረጃው ላይ ክንዳቸውን ያዘ።

«እቴቴ፣ በእናትሽ፣ ሰው እየሳቀብን ነው።»

«የሳቀው በእኔ ነው። በአንተ ሲስቅ ሰማህ?»

አልሰማም ነበር። ነገሩንም ያን ጊዜ ልብ አላለውም።

በቀጣዩ ቀጠሮ ችሎቱ ሲነሣ እመት ባላደራ ሻርፓቸውን ቢያነሡት ተንጠባጠበ። የጽዳት ሠራተኛዋ ጣሪያውን አየች፤ ጣሪያው ደረቅ ነው። ሻርፑን ጨምቀው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱትና ምንም ሳይናገሩ ወጡ። ምንም ሳይናገሩ መውጣታቸው ነው ነገረ ፈጁን ያስጨነቀው፤ አክስቱ ዝም ብለው የወጡበት ቦታ ትዝ አይለውምና። ከዚያ በኋላ በየቀጠሮው በዚያ አግዳሚ ዙሪያ የደለል ሽታ መሽተት ጀመረ። በሦስተኛው አግዳሚ የሚስቅም ቀነሰ።

የድርጅቱ ጠበቃ ግን አንድ ቀን ሻርፑን በሁለት ጣቱ አንሥቶ ወዲያ አደረገና ቦታው ላይ ዘፍ አለ።

«ባለቤቷ ስትመጣ ራሷ ታስነሣኝ» አለ፣ አዳራሹን እየቃኘ።

እመት ባላደራ ዘወር ብለው አዩት። «ልጄ፣ ተነሥ ግዴለህም» አሉት፣ በሚያሳዝን ለስላሳ ድምፅ።

አልተነሣም፤ የተነሣው ተራው ደርሶ ሲጠራ ነው። የሱሪው መቀመጫ ጠቁሮ ረጥቦ ነበር፤ ያን ግን ማንም ሊነግረው አልደፈረም። አፉን ሲከፍት ድምፁ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። ውሃ ለመነ፤ ጠጣ። እንደገና ለመነ፤ ጠጣ። ማሰሮው ባዶውን ቀረ፤ ጠበቃው ግን አንድ ቃል ማውጣት ተስኖት ቀጠሮ ጠየቀ።

ተለዋጩ ቀጠሮ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ወንዟ እንዳትዘጋ ከተማዋ በጠየቀችው እግድ ላይ ውሳኔ የሚሰጥበት ቀን ነበር። ነገሩ የሚቆረጠው በዚያ ቀን ነው፦ ከሳሽ ሲጠራ ካልቀረበ መዝገቡ ይዘጋል፤ መዝገቡ ከተዘጋ ድርጅቱ በጋውን ሙሉ ወንዟን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ይችላል። ነገረ ፈጁ በማለዳ ተነሥቶ፣ መከራከሪያውን በልቡ እያረመ፣ ወደ ማዶው ፍርድ ቤት የሚያሻግረው ድልድይ ጋ ሲደርስ መንገዱ በሰው ተዘግቶ አገኘው። ሕዝቡ የድልድዩን ብረት ተደግፎ ቁልቁል ያያል። ነገረ ፈጁ ምን እንደጎደለ ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ወሰደበት፤ ከተወለደ ጀምሮ የሰማው የውሃ ድምፅ ነበር የጎደለው። ድርጅቱ ፍርዱን ሳይጠብቅ መዝጊያውን ጭራሽ ዘግቶታል።

አውቶቡስ አያልፍም፤ ሰው አያልፍም። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ነገረ ፈጁ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ወደ ወንዟ ሆድ ወረደ።

ድንጋዮቹ ገና ያብረቀርቃሉ። ዓሦች በየጉድጓዱ ይንፈራገጣሉ። ወደ መካከል ሲደርስ ጭቃው እንደተለሰነ ግድግዳ ልሙጥ ነበር፤ በላዩም የባዶ እግር ዱካ ይታያል። ዱካው ከወዲህኛው ዳር የመጣ አልነበረም፤ ከወዲያኛውም አልነበረም። ከመካከል ይጀምርና ወደ ማዶ ይሄዳል። እያንዳንዱ ዱካ ውሃ አቁሯል፤ ውሃውም አሁን የተቀዳ ይመስል ይርገበገባል። ነገረ ፈጁ ቆመ። በመጽሐፍ ያነበበው ነገር ሁሉ አልረዳውም። ከዱካው ጎን ጎን፣ ሳይረግጠው ሄደ። እርጥቡ ዱካ ዳገቱን ወጣ፤ የፍርድ ቤቱንም ደረጃ ወጣ።

በሩን ከፍቶ ገባ። ጸሐፊው «ከሳሽ!» ብሎ ሲጣራ፣ እመት ባላደራ ከተቀመጡበት «አለች» ብለው መመለሳቸውን ሰዎች በኋላ ነው የነገሩት። አሁን ሻርፑ ታጥፎ ጉልበታቸው ላይ ነው። ሰፊ ሰው ከጎኗ እንደተቀመጠባት ተሳፋሪ ሸሸት ብለው በአግዳሚው ጫፍ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ፊት ለፊት ተተክሏል።

በዕድሜ የገፉት ሴት ዳኛ ከመዝገባቸው ላይ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«የከሳሽ ነገረ ፈጅ፣ ዘግይተዋል። ከሳሽ ግን በሰዓቷ መቅረቧ ተመዝግቧል።»

«ክብርት ዳኛ፣ ተቃውሞ አለኝ!» ብሎ የድርጅቱ ጠበቃ ተነሣ። «እዚያ አግዳሚ ላይ እኮ ማንም . . .» ዘወር ብሎ አየ። እጁ ወደ ሱሪው መቀመጫ ሄደ።

«ተቃውሞዎን ይጨርሱ።»

«ትቼዋለሁ» አለና ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ነገረ ፈጁ ተነሣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩን ሳያርመው ተናገረ።

«ክብርት ዳኛ፣ ዛሬ ወደዚህ ችሎት የመጣሁት ወንዟን በእግሬ አቋርጬ ነው። ውሃ ቁርጭምጭሚቴን እንኳን አልነካኝም። የምጠይቀው እግድ ይኸው ብቻ ነው፦ ስመለስ ድልድይ እንዲያስፈልገኝ።»

ይቅርታም አልጠየቀም።

ዳኛዋ መዝጊያው በዚያው ሰዓት እንዲከፈት፣ ክርክሩ እስኪያልቅም ከተማዋን የሚያጠጣው ፍሰት እንዳይነካ አዘዙ። ሕዝቡ ግድግዳ ግድግዳውን እየታከከ፣ መካከለኛውን መተላለፊያ ለቆ ወጣ። እመት ባላደራ ብቻ ከተቀመጡበት አልተነሡም።

«እቴቴ፣ ደህና ነሽ?»

«አየሃት?»

«ዱካዋን ነው ያየሁት። አንቺስ?»

«እኔ ምን አባቴ አያለሁ፤ ቀና መች አልኩና! እንዴት እንደምትቀዘቅዝ!» ግራ እጅጌያቸውን አሳዩት፤ እስከ ትከሻ ርሷል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

«ከፈራሽ ለምን ቦታውን ያዝሽላት ታዲያ?»

እመት ባላደራ እንደ መቆጣት አሉ።

«ለእሷ ነው ያለህ ማነው? ለአንተ ነው እንጂ! ያ ጠበቃ ሲጮህብህ እግርህ ከከዳህ ከእናትህ እህት ጎን መጥተህ የምትቀመጥበት እንዳታጣ ብዬ ነው። ለልጄ ነው ብል ይስቁብሃል። ባለጉዳይዋ ናት ብል በእኔ ይስቃሉ፤ እኔ ደግሞ ለምጄዋለሁ። ትመጣለች ብዬ መች አስቤ!»

«መጣችኮ፣ እቴቴ።»

«ምን ታድርግ፤ በዚህ ዘመን ቦታ አግኝቶ የማይቀመጥ ማን አለ?»

ነገረ ፈጁ አግዳሚውን አየ፤ እንጨቱ በውሃ ተነፋፍቶ፣ በስንጥቁ የደለል ጥቁር መስመር ተጋድሟል። ከዚያ በደህናው ልብሱ፣ መዝገቡን እንደያዘ፣ በእርጥቡ ቦታ ላይ ተቀመጠ። ቅዝቃዜው አጥንቱ ድረስ ገባ። የአክስቱን እጅ በሁለት እጁ ያዘና መንቀጥቀጡ እስኪተዋቸው ድረስ ከዚያ አልተነሣም።